ቆጣሪው ሥር አንድ ወር፦ የቤታችንን የጋዝ ፍጆታ ከንባብ ማስላት

ቀን 1፣ ቅዳሜ

ባለፈው ሰኞ የጋዝ ቢል መጣ። ከንባቡ ጎን በትንሽ ፊደል «ግምት» የሚል ቃል አለ። መጥቶ ቆጣሪውን ያነበበ ሰው የለም ማለት ነው። የተጻፈው ቁጥር 2441 ነው። ዛሬ ጠዋት 1:10 ላይ ወጥቼ ቆጣሪውን ሳየው ግን 2417.386 ላይ ነው ያለው። ቢሉ ከመጣ አምስት ቀን አልፎታል፤ ቆጣሪው ገና እዚያ ቁጥር ጋ አልደረሰም።

ነገሩ ከነከነኝ። ፎቶ አንስቼ ትክክለኛውን ንባብ ላክሁላቸው። ከዚያም ለራሴ አንድ ወር ቀጠሮ ያዝኩ። ቆጣሪውን እኔው አነባለሁ፣ እኔው አሰላለሁ። ማወቅ የምፈልገው ድምሩን ብቻ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ጋዝ የሚጠቀሙ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ባለ አራት ምድጃ ስቶቭ፣ ታንከር ያለው የውሃ ቦይለር፣ የክፍል ማሞቂያ። እያንዳንዳቸው በሰዓት ስንት ይወስዳሉ? ሁላችንም ተኝተን ሳለስ ስንት ይሄዳል?

መጀመሪያ ቆጣሪውን ማወቅ ያስፈልጋል። የእኔው ጂ4 የሚባለው፣ ለመኖሪያ ቤት በብዛት የሚገጠመው ዓይነት ነው። ውስጡ በየተራ እየተሞሉ የሚተነፍሱ ከረጢቶች አሉ። ሰሌዳው ላይ አንድ ዙር ሲጨርሱ 1.2 ሊትር ጋዝ እንደሚያልፍ ተጽፏል። ጥቁሮቹ አሃዞች ሙሉ ሜትር ኩብ ናቸው፤ ቢል ላይ የሚገቡትም እነሱ ናቸው። ቀዮቹ ሦስት አሃዞች ከነጥብ በኋላ ያሉት ናቸው። አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ስለሆነ የመጨረሻው ቀይ አሃዝ አንድ ሊትር ነው። ለእኔ ሥራ ዋናዎቹ ቀዮቹ ናቸው።

ቆጣሪያችሁ የሚለካበትን አሃድ ሳታዩ ግን አትጀምሩ። አንዳንድ አሮጌ ቆጣሪዎች በኪዩቢክ ጫማ ነው የሚቆጥሩት። 100 ኪዩቢክ ጫማ 2.83 ሜትር ኩብ ነው። የሜትር ኩብ ቆጣሪን በመቶ ኪዩቢክ ጫማ እንደሚቆጥር አድርጎ ያሰላ ሰው፣ ፍጆታውን ወደ ሦስት እጥፍ ያስጠጋዋል።

ቀን 2፣ እሑድ

ጠዋት 1:10። ንባብ 2419.642።

የመጀመሪያው ሂሳብ ቀላል ነው። የዛሬው ንባብ ሲቀነስ የትናንቱ፣ 2.256 ሜትር ኩብ። ለ24 ሰዓት ሲካፈል 0.094፣ ማለትም በሰዓት 94 ሊትር። ትናንት ልብስ የታጠበበት ቀን ስለነበር ከፍ ማለቱ አልገረመኝም።

ቀን 3፣ ሰኞ

ዛሬ ግማሽ ሰዓት አረፈድኩ። 1:40፣ ንባብ 2421.357። ልዩነቱ 1.715 ነው። የተካፈለው ግን ለ24 ሳይሆን ለ24.5 ሰዓት ነው። በሰዓት 0.070፣ በቀን 1.68 ይመጣል። «አንድ ቀን» ብዬ ዝም ብዬ ብይዘው 1.715 እጽፍ ነበር። ስህተቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሁልጊዜ ቅዳሜና እሑድ የሚያረፍድ ሰው፣ የቅዳሜና የእሑድ ፍጆታው ሳያድግ ያደገ ይመስለዋል። ስለዚህ ሰዓቱንም ከነደቂቃው እጽፋለሁ።

ቀን 4፣ ማክሰኞ፤ የተጻፈው ረቡዕ ነው

ደብተሬ ላይ «ማክሰኞ 2:00፣ 2423.900» የሚል አገኘሁ። ስካፍለው በሰዓት 0.1045 ወጣ። ከሰኞው በግማሽ ይበልጣል! ልብስ አልታጠበም፣ እንግዳ አልመጣም። ለአንድ ሰዓት ያህል ምክንያት ስፈልግ ቆየሁ። ባለቤቴንም ጠየቅኋት፤ «ምንም የተለየ ነገር አልሠራንም» አለች።

በመጨረሻ ስልኬ ውስጥ ያለውን ፎቶ አየሁት። የተነሳው ማታ 2:00 ነው። ጠዋት ሳላነብ ወጥቼ ማታ ነው ያነበብኩት፤ «ማታ» የምትለዋን ቃል ግን አልጻፍኩም። ርዝመቱ 24 ሰዓት ከ20 ሳይሆን 36 ሰዓት ከ20 ነበር። 2.543 ለ36.33 ሲካፈል 0.070። ልክ እንደ ሰኞው።

ከዛሬ ጀምሮ በየንባቡ ፎቶ አለ። ፎቶው ቁጥሩንም ሰዓቱንም በአንድ ላይ ይይዛል። ደብተር ላይ ስገለብጥ ብሳሳት እንኳ መመለሻ አለኝ።

ቀን 5፣ ረቡዕ ማታ

ዛሬ የሌሊቱን ፈተና ጀመርኩ። ሁሉም ተኝቷል፣ ስቶቩ ዝግ ነው፣ የክፍል ማሞቂያው በዚህ ወቅት አልተከፈተም። ማታ 4:45፣ ንባብ 2425.771።

ቀን 6፣ ሐሙስ

ጠዋት 12:15፣ ማንም ውሃ ሳይከፍት፣ ንባብ 2425.912። በ7.5 ሰዓት 0.141 ሜትር ኩብ ሄዷል። በሰዓት 18.8 ሊትር።

ልጄ አብራኝ ወጥታ ነበር። «አባዬ፣ ሁላችንም ተኝተን ለምን ዞረ?» አለችኝ። የእኔም ጥያቄ እሱ ነው። መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ቦይለሩ ነው፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። ሁለተኛው እስኪጣራ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆያል።

የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። የምናውቀው የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው፣ ሲያፈስ እንድናውቅ። ቤት ውስጥ ሽታው ካለ መለካት የሚባል ነገር የለም። መብራት አይበራም፣ አይጠፋም። እሳት አይለኮስም። መስኮት ተከፍቶ፣ ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ ይወጣል፤ ስልክ የሚደወለውም ከውጭ ሆኖ ነው። እኛ ጋ ሽታ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ፈተናው ገባሁ።

ማታ የስቶቩን፣ የቦይለሩንና የማሞቂያውን ቫልቮች ሁሉ ዘጋሁ። የቦይለሩ ትንሽ ነበልባልም ጠፋች። የቆጣሪውን ፎቶ አነሳሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ፎቶ። የሌሊቱ ፍሰት ከሚያፈስ ቧንቧ ቢሆን ኖሮ በሁለት ሰዓት 37 ሊትር ገደማ ይቆጥር ነበር። የመጨረሻዋ ቀይ አሃዝ ንቅንቅ አላለችም። በቫልቮቹ አጠገብ ያሉትን መገጣጠሚያዎችም ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ ቀባኋቸው። አረፋ የለም። ትልቅ እፎይታ ነው።

ቦይለሩን መልሼ ስለኩስ ሰሌዳው ላይ ያለውን መመሪያ ተከትዬ ነው፤ የቆየ ጋዝ ካለ እንዲወጣ አምስት ደቂቃ ጠብቄ። ይህን ለማድረግ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ባለሙያ ይጥራ። ለአንድ ቁጥር ብሎ አደጋ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ቀን 8፣ ቅዳሜ

የዛሬው ሥራ በጣም የጓጓሁለት ነው። እያንዳንዱን ምድጃ ለብቻው መለካት።

መጀመሪያ በቀላሉ ሞከርኩት። ትልቁን ምድጃ ለኩሼ ለአንድ ደቂቃ ቆጣሪውን አየሁ። አራት ሊትር ሄደ። እንደገና ሞከርኩ፣ አምስት። ሦስተኛ፣ አራት። አራትና አምስት ለዓይን ቅርብ ናቸው። በሰዓት ሲባዙ ግን አንዱ 240፣ ሌላው 300 ሊትር ነው። የአንድ አሃዝ ስህተት በአጭር ሰዓት ላይ ሲያርፍ ገዝፎ ይወጣል። በዚያ ላይ ከረጢቶቹ በየተራ ስለሚሠሩ የመጨረሻው አሃዝ እኩል አይሄድም። ትንሽ ፈጠን፣ ትንሽ ዘግየት ይላል።

ስለዚህ ነገሩን ገለበጥኩት። ሰዓቱን ወስኜ ሊትሩን ከማንበብ፣ ሊትሩን ወስኜ ሰዓቱን እለካለሁ። የመጨረሻው ቀይ ጎማ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 10 ሊትር ነው። ዜሮው መስመሩ ላይ ሲደርስ የስልኩን ሰዓት መቁጠሪያ እነካለሁ፣ ተመልሶ ሲመጣ አቆማለሁ። እጄ በአንድ ሰከንድ ቢዘገይ ከ132 ሰከንድ ውስጥ ነው። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

የቦይለሩን ቫልቭ ዘግቼ፣ ሁሉንም በሙሉ ነበልባል ለካሁ።

ትልቁ ምድጃ 10 ሊትር በ2 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። 10 ለ132 ተካፍሎ በ3600 ሲባዛ በሰዓት 273 ሊትር።
መካከለኛው በ3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ። በሰዓት 160 ሊትር።
ትንሹ በ6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። በሰዓት 95 ሊትር።

አራተኛው ከመካከለኛው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አለፍኩት።

ከዚያ ቦይለሩን ለኩሼ ሙቅ ውሃ ከፈትኩ። ዋናው እሳት ሲነድ ቀዩ ጎማ በፍጥነት ይዞራል። እዚህ 10 ሊትር በጣም አጭር ስለሚሆን 100 ሊትር ጠበቅሁ፦ 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። በሰዓት 1161 ሊትር። ከትልቁ ምድጃ ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

ቁጥሮቹ ልክ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? ቢሉ ላይ የአንድ ሜትር ኩብ ጋዝ የሙቀት ይዘት ተጽፏል፣ 38.9 ሜጋጁል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሜጋጁል ስለሆነ አንዱ ሜትር ኩብ 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ትልቁ ምድጃ 0.273 ሲባዛ በ10.8፣ 2.95 ኪሎዋት። ስቶቩ ሰሌዳ ላይ 3 ይላል። መካከለኛው 1.73 ወጣ፣ ሰሌዳው 1.75። ትንሹ 1.02፣ ሰሌዳው 1። እንዲህ ሲገጥም እንዴት ደስ እንደሚል! በሰዓት መቁጠሪያና በአንድ ቀይ ጎማ ብቻ የተገኘ ቁጥር ነው።

ቢሉ ላይ ከ1 ትንሽ የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ሌላ ማባዣም አለ። ብዙ ሰው የተደበቀ ጭማሪ ይመስለዋል። ምክንያት አለው። ጋዝ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከመቶ 0.35 ገደማ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው ጋዙ የያዘውን ቦታ ነው እንጂ በውስጡ ያለውን የጋዝ መጠን አይደለም። በ10 ዲግሪ የቀዘቀዘ አንድ ሜትር ኩብ 3.5 ከመቶ ያህል ብዙ ጋዝ ይይዛል። የቦታው ከፍታና የቧንቧው ግፊትም እንዲሁ ለውጥ ያመጣሉ። ማባዣው ይህን ለማስተካከል ነው። ምድጃ ከምድጃ ለማወዳደር ግን አያስፈልግም፤ ሁሉም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቆጣሪ ስለተለኩ።

ቀን 9፣ እሑድ

ፓይለቷን ለብቻዋ ለካኋት። ፓይለት የምለው ቦይለሩ ሥር ቀንና ሌሊት የምትነደውን ትንሽዬ ሰማያዊ ነበልባል ነው። ዋናው እሳት ሲያስፈልግ የምትለኩሰው እሷ ናት። ቁልፉን «ፓይለት» የሚለው ላይ አድርጌ ሌላውን ሁሉ ዘጋሁ። 10 ሊትር እስኪዞር 44 ደቂቃ ፈጀ። በሰዓት 13.6 ሊትር፣ ወደ 147 ዋት።

አንድ ጥንቃቄ። የጂ4 ቆጣሪ ትክክለኛነቱ የሚረጋገጠው ከ40 ሊትር በሰዓት ጀምሮ እስከ 6 ሜትር ኩብ በሰዓት ነው። ከዚያ በታችም ይዞራል፤ ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ ግን ሰሌዳው ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ 13.6ን እንደ ጥሩ ግምት ነው የምይዘው።

ከሌሊቱ 18.8 ላይ 13.6 ሲቀነስ 5.2 ሊትር ይቀራል። እሱ ታንከሩ ሲቀዘቅዝ ዋናው እሳት ብልጭ እያለ የሚመልሰው ሙቀት ነው።

ቀን 11፣ ማክሰኞ

ከእሑድ ጀምሮ ባለቤቴና ልጄ ስቶቩ አጠገብ ወረቀት ለጥፈው ምድጃ ሲለኩሱና ሲያጠፉ ደቂቃውን ይጽፋሉ። ለዚህ ልፋታቸው ከልብ አመሰግናቸዋለሁ፤ እነሱ ባይኖሩ ይህ ክፍል አይኖርም ነበር። በቀን በአማካይ ትልቁ 35 ደቂቃ፣ መካከለኛዎቹ 50፣ ትንሹ 20 ደቂቃ ነደዋል። በሙሉ ነበልባል ቢታሰብ 159፣ 133 እና 32 ሊትር። ድምር 324 ሊትር።

አሁን ፓይለቷ። 13.6 ሲባዛ በ24፣ 326 ሊትር።

ደግሜ አሰላሁት። ሦስት ጊዜ። የአራት ሰው ቀለብ የሚበስልበት ጋዝና ማንም የማያያት ትንሽ ነበልባል የምትወስደው ጋዝ እኩል ናቸው። እንዲያውም ምግብ ሲበስል እሳቱ ብዙ ጊዜ ዝቅ ስለሚደረግ የስቶቩ ቁጥር ከ324 ማነሱ አይቀርም። ትልቁ ምድጃ በሰዓት ከፓይለቷ 20 እጥፍ ይወስዳል። እሷ ግን 24 ሰዓት ሙሉ አትጠፋም። ፍጥነትን ብቻ የሚያይ ሰው ስቶቩን ይቆጣጠራል። የሚነድበት ሰዓት ሲባዛበት ነው ነገሩ የሚታየው።

ሙሉው የቀን ሂሳብ እንዲህ ነው። ከ1.68 ሜትር ኩብ ውስጥ ፓይለት 0.33፣ ታንከሩን ማሞቅ 0.12፣ ስቶቭ 0.32። የቀረው 0.9 ገደማ የምንጠቀምበት ሙቅ ውሃ ነው። ይህን በሌላ መንገድ ፈተሽኩት። 0.9 ሜትር ኩብ 9.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከመቶ 70ው ውሃው ውስጥ ይገባል ብል፣ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ የጨመረ 150 ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። ለአራት ሰው ገላ መታጠቢያና ለዕቃ ማጠቢያ የሚታመን ቁጥር ነው።

ቀን 12፣ ረቡዕ

አጭር ፈተና፣ ከምድጃዎቹ መጠን የመነጨ። በአንድ ድስት ሁለት ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 95 ዲግሪ፣ ክዳን ተደርጎበት። መካከለኛው ምድጃ 12 ደቂቃ ፈጀ፣ 32 ሊትር ጋዝ። ትልቁ ምድጃ ስምንት ደቂቃ ተኩል፣ 39 ሊትር ጋዝ። ውሃው የሚፈልገው ሙቀት ለሁለቱም አንድ ነው፣ 0.174 ኪሎዋት ሰዓት። ስለዚህ በመካከለኛው ከጋዙ ግማሹ ውሃው ውስጥ ገብቷል፤ በትልቁ ከመቶ 42 ብቻ። ነበልባሉ ከድስቱ ግርጌ ወጥቶ ጎኑን ሲልስ በዓይን ይታያል። የሚሞቀው አየሩ ነው።

ቀን 15፣ ቅዳሜ

ጠዋት 1:10፣ ንባብ 2440.906። በ14 ቀን 23.52 ሜትር ኩብ፣ በቀን 1.68።

ቢሉ ላይ የተጻፈው 2441 ትዝ አለኝ። ቆጣሪው እዚያ ቁጥር ላይ ዛሬ ሊደርስ ነው፣ ቢሉ ከመጣ ከ19 ቀን በኋላ። ፎቶውን ልኬላቸው ስለነበር አዲስ ቢል ደርሶኛል፣ ተስተካክሏል። የግምት ቢል ማጭበርበር አይደለም፤ በኋላ ንባብ ሲመጣ ይካካሳል። ያላነበበ ሰው ግን ያልነደደውን ጋዝ አስቀድሞ ይከፍላል። ግምቱ ዝቅ ብሎ ከመጣ ደግሞ በኋላ ድንገት ትልቅ ዕዳ ይመጣበታል።

ቀን 22፣ ቅዳሜ

ከማክሰኞ ጀምሮ ብርዱ ገብቷል፣ የክፍል ማሞቂያው ተከፍቷል። የቀን ንባቡ ዘለለ። «ስንት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አሁን አይበቃም፤ «ለምን ያህል ብርድ?» የሚለው መጨመር አለበት።

ለዚህ የዲግሪ ቀን የሚባል መለኪያ አለ። መነሻ ሙቀት ይወሰዳል፤ እኔ 15.5 ዲግሪ ወሰድኩ። የዕለቱ አማካይ የውጭ ሙቀት 13.5 ከሆነ ሁለት የዲግሪ ቀን ነው። 11.5 ከሆነ አራት። ከመነሻው በላይ ከሆነ ዜሮ።

ሁለት የዲግሪ ቀን በነበረበት ዕለት 2.95 ሜትር ኩብ ሄደ። በአራት 3.98። በስድስት 5.40። ወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጌ ሳስቀምጣቸው ቀጥ ወዳለ መስመር ይጠጋሉ። እያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ሜትር ኩብ ይጨምራል። መስመሩን ወደ ዜሮ ብርድ ስስበው 1.7 አካባቢ ይመታል፤ ያለ ማሞቂያ የለካሁት 1.68 ነው! ሁለቱ ልኬቶች ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ።

አንድ ነጥብ ብቻ ከመስመሩ ወጥቷል። ሐሙስ፣ አራት የዲግሪ ቀን፣ 5.1 ሜትር ኩብ። ከሚጠበቀው አንድ ሜትር ኩብ በላይ። ስንጠያየቅ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ቀኑን ሙሉ ክፍት እንደነበር ታወቀ። መስመሩ ባይኖር ኖሮ 5.1ን በብርዱ አመካኝቼ አልፈው ነበር።

ቀን 29፣ ቅዳሜ ማታ

የቦይለሩን ሙቀት ከ65 ወደ 60 ዲግሪ ዝቅ አደረግኩ። ከ60 በታች አልወርድም። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ በታንከር የሚቀመጥ ውሃ 60 ላይ መቆየት አለበት። የክፍል ማሞቂያውን ዘግቼ ማታ 4:45 ላይ እንደበፊቱ ፎቶ አነሳሁ።

ቀን 30፣ እሑድ

ጠዋት 12:15። በ7.5 ሰዓት 0.129 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 17.2 ሊትር። በፊት 18.8 ነበር። ከዚያ ውስጥ 13.6ቱ የፓይለቷ ስለሆነ ቁልፉ እሱን አይነካውም። የቀነሰው ከቀረው 5.2 ላይ ነው፣ ያውም ከያኔው በበረደ ሌሊት።

ጠዋት 1:10፣ የወሩ መዝጊያ ንባብ 2491.706። በ29 ቀን 74.32 ሜትር ኩብ፣ በቀን 2.56። ቢል ላይ የሚታየው ይህ አማካይ ነው። ደብተሬን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ 2.56 የወሰደ አንድም ቀን የለም። ማሞቂያው በተዘጋባቸው ቀናት ሁሉም ከ2.3 በታች ነው፣ በተከፈተባቸው ከ2.9 በላይ።

የአንድ ሌሊት 12 ሊትር ልዩነት ስለማይበቃኝ የ60 ዲግሪውን ፈተና ሦስት ሌሊት እደግመዋለሁ። ቦይለሩ አርጅቷል። ባለ ኤሌክትሪክ መለኮሻ፣ ፓይለት የሌለው እንዲገባ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ማታ 4:45 ላይ ቆጣሪው ሥር መቆም ነው።